ዐሥራ ሰባተኛው ጥያቄ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከያምሮት መጋዘን፣
የጉምሩክ ቅጽ ይዤ፣ መታመን ሊመዘን።
ሚዛኑ ወረቀት፣ መስፈሪያው ምልክት፣
ሠላሳ ስምንት ሣጥን፣ «አዎ» ወይ «የለም» የሚባልበት።

ያለፈች እንደሆነ፣ «የታመነች» ተብላ፣
መኪናዋ አይቆምም ከኬላ እስከ ኬላ፤
ወረታ፣ ጋሸና፣ ሚሌ እና ጋላፊ፣
ሽምብራዋ እንደታሸገ፣ ቀጥ ብሎ አላፊ።
ከረጢቱ በወስፌ አይበሳ፣ አይዘረገፍ፣
ሾፌሩ ሦስት ሌሊት መንገድ ዳር አያርፍ።
ያላለፈች ለታ፣ እንደ ሰው ሁሉ ናት፤
ወረፋ ጠባቂ፣ ፍተሻ የማያጣት።

«አጥር?» «ሦስት ሜትር፣ እሾህ ሽቦ ያለበት።»
«ካሜራ?» «ስምንት፤ አንዱ ሸረሪት ያደራበት።»
«መብራት?» «ሲኖር» አለች። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤
«ጄኔሬተር አለ» ብዬ ከጎኑ ጻፍሁ።

የኮንቴይነር ማሸጊያውን ቆጥራ አስረከበችኝ፤
ቁጥሩን ሳመሳክር፣ እንዲህ ስትል ነገረችኝ፦
«አባቴ ከዘጌ ቡና በታንኳ ሲልክ፣
የከረጢቱን አፍ ያስር ነበር በደንገል ልጥ፣ ሦስት ዙር ወደ ግራ።
እዚህ የሚቀበለው ሰውዬ ፊደል አይለይም፤ ቋጠሮውን ግን
በጣቱ ይለየዋል፣ ፋኖስ ሳያበራ።
ወደ ቀኝ ከዞረ፣ ጭነቱ አይወርድም።»
ለቋጠሮ የሚሆን ሣጥን ቅጼ ላይ የለም።
ባዶው ጠርዝ ላይ ሣልሁት። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ዐሥራ ሰባት ላይ ደረስሁ፦
«ያልተፈቀደለት ሰው ወደ መጋዘኑ ገብቶ ያውቃል?»
«የለም» አለች ያምሮት፣ ጥያቄው ሳያልቅ።
ፈንቴ ግን፣ የሌሊት ጠባቂው፣ ከበሩ ጥግ ሳይንቀሳቀስ፣
ጉሮሮውን ጠረገ። «ገብቷል» አለ፣ ቀስ።

ደብተሩን ገለጠ። ጠርዙን እርጥበት የበላው ነው።

   «ሐምሌ ፲፱። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ማዕበል።
   አንድ አሣ አጥማጅ። ታንኳው እምቦጭ ይዞት ተገልብጧል።
   ስም፦ ይበልጣል። መታወቂያ፦ ሐይቅ ውስጥ ቀርቷል። ርጥብ ነው።
   አስገባሁት። ባዶ ከረጢት ላይ ተኛ።
   ሲነጋ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ወጣ። ጭነቱን ቆጠርሁ። አልጎደለም።
   ፈንቴ፣ ጥበቃ።»

ያምሮት ፊቷ ጠቆረ። «ማን ጻፍ አለህ፣ ፈንቴ?
ሁለት ዓመት ለፍቼ!» «አንቺው ነሽ፣ እመቤቴ።
መዝገብ ስትሰጪኝ፣ አደራ ነው ብለሻል፤
የሆነውን ጻፍ እንጂ፣ ደስ የሚለኝን መች ብለሻል?
ያን ሰው ባላስገባው፣ ሐይቁ አይመልሰውም፤
አስገብቼ ባልጽፍ፣ ደብተሩ አያምነኝም።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።
በደንቡ፣ ይህ ጉድለት ነው፤ በር ተከፍቷል ያለ ፈቃድ፤
የቀሩት ሠላሳ ሰባት «አዎ»ዎች አይሸፍኑትም፣ አንድ በአንድ።
ስንት መጋዘን ዞርሁ፣ ከዳንግላ እስከ መተማ፣
ስንት መዝገብ አየሁ፣ ነጭ፣ ታጥቦ እንደተሰጣ ሸማ፤
ሌባ ያላለፈበት፣ እንግዳ ያልረገጠው፣ ዝናብ እንኳ ያልዘነበበት።
አንዱንም አላመንሁት።
ሁሉንም ፈረምሁለት።

«አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ከሥሩ «ጉድለት» ብዬ ጻፍሁ።
ከጉድለቱ ሥር፣ የፈንቴን መስመሮች፣
አንድ ፊደል ሳልነካ፣ እንዳሉ ገለበጥሁ።
አለቃዬ ምን ይል ይሆን? እሱም ሣጥን አለው፣ እንደኔ፤
ቋጠሮዋን ሲያይ ምን ይላል? ያጠፋዋል፣ ይመስለኛል፣ በወገኔ።

ያምሮት አልሸኘችኝም። ሽምብራው እንደተደረደረ፣
የሐይቁ ነፋስ ቆርቆሮውን እየደበደበ ቀረ።
በሩ ላይ ፈንቴ ሰንሰለቱን ይዞ «ስም?» አለኝ፣
ጧት ስገባ እንዳልጻፈኝ፣ ፊቴን እንደማያውቀኝ።
«ማስተዋል።» ሰዓቱን አየ። ጎንበስ ብሎ ሞላው መስመሩን፤
በትከሻው በኩል አነበብሁ፣ ከስሜ ቀጥሎ ያለውን፦

   «ይዛ የወጣችው፦ ወረቀት።
   አልረጠበችም።»